መኪናው ቆሞ ሲውል ለሹፌሩ ማን ይክፈል?

መነሻ ጽሑፍ

ስለ ሹፌር ክፍያ ጥያቄዬን ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት በጥቅምት መጨረሻ ነው። እንዲህ ነበር።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሦስት ኤፍ.ኤስ.አር አይሱዙ የጭነት መኪናዎች አሉኝ። ሁለቱን ከአባቴ ወረስኩ፣ አንዱን በብድር ገዛሁ። ከሸዋ ሮቢት ማሾና ሽንኩርት፣ ከአረርቲ ጤፍና ሽንብራ ወደ አዲስ አበባ እንጭናለን። ስንመለስ ሲሚንቶም ቆርቆሮም፣ ያገኘነውን ይዘን እንመጣለን።

መስከረም ላይ 11 ዓመት አብረውን የሠሩ ሹፌር ቁልፍ አስረክበው ሄዱ። ጋሼ ነው የምላቸው። ተማሪ እያለሁ ጋቢና ውስጥ ከአባቴና ከእሳቸው መሀል ተቀምጬ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርጃለሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሰው ላይ አደጋ አላደረሱም። ጭነት አላጎደሉም። አልተጣላንም፣ አልተቀያየምንም። የከበደኝም ይሄ ነው።

የሄዱበት ባለንብረት በወር 12,000 ብር ይከፍላቸዋል። ቢያጆ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጉዞ የሚታሰብ ክፍያ፣ የለውም። እኔ ጋ ደመወዛቸው 7,000 ነበር። በእያንዳንዱ ቢያጆ ደግሞ 800 እጨምራለሁ። በደህና ወር 12 ቢያጆ ይሠራሉ። ይሄ 16,600 ብር ነው። ሰው ከ16,600 ወደ 12,000 ለምን ይሄዳል? ጠይቄያቸው ደክሞኛል ብቻ ነው ያሉኝ። ትክክለኛ የሹፌር ክፍያ እንዴት ነው የሚወጣው? በወር፣ በቢያጆ ወይስ በፐርሰንት?

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። የመጡትን መልሶች እንዳሉ መገልበጥ አልፈለግኩም። በራሴ አነጋገር፣ በመጡበት ተራ አስቀምጣቸዋለሁ። የተቆጡትንም አልተውኩም።

1ኛ መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ከባድ መኪና ያላቸው ሰው ናቸው። በጨዋ ቃል ነው የጻፉት። ገበያው የሚከፍለውን መክፈል በቂ እንደሆነ ነገሩኝ። ጎረቤት ባለንብረቶችን ጠይቄ መሀሉን እንድይዝ መከሩኝ። አመሰገንኳቸው። ግን እኔ ከገበያው በላይ እየከፈልኩ ነበር ሰው የሄደብኝ።

2ኛ መልስ

አንድ መኪና ያለው የመሐል ሜዳ ሰው ነው። ፐርሰንት ይሻላል ባይ ነው። ከእያንዳንዱ ጭነት ገቢ ለሹፌሩ ድርሻ ይሰጠዋል። ሹፌሩም የመልስ ጭነት ራሱ ይፈልጋል፣ ባዶ አይመለስም። ከሞላሌና ከመሐል ሜዳ ገብስ ይዞ ወርዶ ባዶውን ያን ዳገት መውጣት ኪሳራ ነው። ይሄ እውነት ነው። ግን ትንሽ ቆይቶ አንድ ሌላ ሰው ከሥሩ መጥቶ ጠየቀው። ሹፌሩ የጭነቱን ዋጋ በምን ያውቃል? ደላላው ከባለንብረቱ ጋር በስልክ የተስማማውን ማን ያሳየዋል? የመሐል ሜዳው ሰው ደብተሩን ከሹፌሩ ጋር አብረው እንደሚያዩ መለሰ። ደብተር የሚከፍት ከሆነ እኔም ተቃውሞ የለኝም።

3ኛ መልስ

ሁሉን ነገር የቀየረው ይሄ ነው። የሸዋ ሮቢት ሹፌር ነው። ምክር አልሰጠኝም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ። የአልጋና የምግብ ወጪው የማነው? አንድ ቢያጆስ ስንት ቀን ይፈጃል?

4ኛ መልስ

እኔ ነኝ። ወጪው የሹፌሩ እንደሆነ፣ ለዚሁ ሲባልም 800 ብሩ እንደተሰጠ ጻፍኩ። ቢያጆው ሁለት ቀን እንደሚፈጅም ነገርኩት። ከላክሁት በኋላ ደብተሩን አወጣሁና የሐምሌን አየሁ። ሐምሌ ላይ የሠሩት 5 ቢያጆ ብቻ ነው። ከቤት ውጭ ያደሩት ግን 19 ቀን ነው። አንዴ መጋዘን በር ላይ ወረፋ ይዘው ሦስት ቀን ቆመዋል። አንዴ መንገድ ተዘግቶ አጣዬ አድረዋል፣ ውለዋል፣ ደግመው አድረዋል። ይሄንንም ጨምሬ ጻፍኩ።

5ኛ መልስ

ያው የሸዋ ሮቢቱ ሹፌር ተመለሰ። ሂሳቡን ደረጃ በደረጃ ሠራልኝ። ግብርና ጡረታ ሳይነሳ ነው።

በደህናው ወር 12 ቢያጆ በሁለት በሁለት ቀን 24 ቀን ይሆናል። ለአልጋና ለምግብ በቀን 400 ብር ያዘ። 9,600 ብር መጣ። የ12 ቢያጆ ክፍያም 9,600 ነው። እኔ ቢያጆ እያልኩ የምከፍለው ብር በሙሉ በየመንገዱ ምግብ ቤትና አልጋ ቤት ይቀር ነበር ማለት ነው። ቤታቸው የሚገባው 7,000ው ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ 5 ቢያጆ፣ 4,000 ብር። 19 ቀን በ400 ሲባዛ 7,600። የጎደለውን 3,600 ከደመወዛቸው ነው የሞሉት። ለቤታቸው የተረፈው 3,400 ብር ነው።

ስልኩን አስቀምጬ በወረቀት ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው። ጋሼ ለእኔ ጭነት 19 ቀን ውጭ አድረው 3,400 ብር ይዘው ገቡ። አዲሱ ባለንብረት አልጋና ምግባቸውን እሱ እንደሚችል ያጣራሁት በማግስቱ ነው። እዚያ 12,000ው ሳይነካ ቤት ይገባል።

ነገሩ ከየት እንደተበላሸም ያን ቀን ገባኝ። አባቴ የቢያጆውን ክፍያ ሲያወጣ ሁለት ቀን ቆጥሮ ነበር። ያኔ ደርሰህ በዕለቱ ትጭናለህ፣ በማግስቱ ታራግፋለህ። እኔ ኑሮ ሲወደድ ብሩን እየጨመርኩ መጣሁ። ቀኑን ግን አልቆጠርኩም።

6ኛ መልስ

የሠራተኛ ጉዳይ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ረጋ ብሎ የጻፈው ብዙ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይዞ ነው የመጣው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቀን ላይ ከተሠራ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት፣ በበዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። የትርፍ ሰዓት ሥራ ራሱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። እሱ ሲጽፍ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልወጣም ነበር። አዋጁ ይህን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢልም ቁጥሩ ገና አልተወሰነም ነበር። ስለዚህ ሕጉ ስንት ክፈይ አይለኝም፣ እንዴት ክፈይ ግን ይለኛል።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ሌላ ነጥቡ ነው። በአዋጁ ደመወዝ ሲባል አበል፣ ኮሚሽንና ጉርሻ አይቆጠሩም። የዓመት ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያ፣ የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በደመወዝ ነው። ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በ7,000 ብር ሲሰላ 490 እና 770 ብር ነው። ደመወዙ 12,000 ቢሆን 840 እና 1,320 ይሆን ነበር። ደመወዝን ዝቅ አድርጎ ቢያጆን ከፍ ማድረግ ዛሬ ለሁለቱም ወገን የተመቸ ይመስላል። ሹፌሩ ሲያረጅ ነው የሚታወቀው። እኛ መዋጮውን በየወሩ ስንከፍል ነበር። በ7,000ው ላይ ብቻ።

7ኛ መልስ

የደብረ ሲና ሹፌር ነው። 6ኛውን በቁጣ መለሰለት። አዋጁን የጻፈው ሰው አንድ ቀን በነሐሴ ጭጋግ ጋቢና ገብቶ ይቀመጥ ባይ ነው። ጣርማ በር ላይ ሰዓት የሚቆጥር የለም። መጋዘን በር ላይ ሁለት ሌሊት ያስተኛውን ሰው ትርፍ ሰዓት ክፈለኝ ብሎ የጠየቀ ሹፌር በማግስቱ ሥራ የለውም። ቁጣው ከሕጉ ጋር አልነበረም። ሕግ እያለ ሳይጠቅመው የኖረ ሰው ቁጣ ነው። አልተቀየምኩትም።

8ኛ መልስ

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ወንድሜ እያሉ ነው የጻፉልኝ። አንዱ ግን ስለ አባቴ ከጻፍኩት ሴት መሆኔን ገምቶ ኖሮ፣ ሹፌር በሴት እጅ አይተዳደርም፣ መኪናዎቹን ሽጪና ሱቅ ክፈቺ አለኝ። አምስት ሰው ተረባርቦ መለሰለት። እኔ አልመለስኩም። ጊዜዬን ለሂሳቡ ፈለግኩት።

9ኛ መልስ

6ኛው ሰው ለደብረ ሲናው ሹፌር ሊመልስ ተመለሰ። አልተቆጣም። ቁጣው ተገቢ እንደሆነ ተቀብሎ አንድ ነገር ጨመረ። አዋጁ የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው ሥራ የሠራበትን ጊዜ ብቻ አይደለም። ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የተገኘበትንም ነው። መጋዘን በር ላይ ሞተር አጥፍቶ፣ ወረፋው እንዳያልፈው መኪናውን ትቶ መሄድ የማይችል ሹፌር ለሥራ ዝግጁ ነው። ሥራ ላይ ነው።

ይሄን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኛ መኪና ሲቆም ሥራ ቆመ እንላለን። ባለንብረቱ ይከስራል፣ ሹፌሩ ያርፋል ብለን ነው የምናስበው። መሪ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሁለት ሌሊት ያደረ ሰው ዐርፏል ማለት ነው?

ከ10 እስከ 13

እዚህ ላይ ወሬው ወደ ናፍጣ ሄደ። 10ኛው ወጣት ነው፣ አዲስ አበባ የትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ሐሳቡ ለሹፌሩ የናፍጣ ልክ ማውጣትና ከልኩ ያተረፈውን ማካፈል ነው። ናፍጣ በሊትር ከመቶ ብር ባለፈበት ዘመን ባለንብረትም ሹፌርም ይጠቀማሉ አለ። ወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል። እኔም ልቀበለው ነበር።

11ኛው የሸዋ ሮቢቱ ሹፌር ነው። እስካሁን በትህትና የጻፈው ሰው እዚህ ላይ ጠነከረ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ ናት። በዚያ ሁሉ ቁልቁለት ናፍጣ ያተረፈ ይሸለማል ከተባለ ሹፌሩ ማርሽ ነቅሎ፣ ዜሮ አድርጎ ይለቃል። የጫነ መኪና ማርሽ ተነቅሎ ከተለቀቀ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ አይይዝም። በቢያጆ መክፈልም ያው ነው አለ። ቶሎ ደርሶ ቶሎ የተመለሰ ብዙ ያገኛል፣ ስለዚህ በከፍተኛ ማርሽ ይወርዳል። የክፍያው ዓይነት ሹፌሩ የቱን ማርሽ እንደሚያስገባ ይወስናል። እሱ ያሳየኝን ያህል ባለንብረት ሁሉ ቢያይ ደስ ይለኛል።

12ኛው የደብረ ብርሃን መካኒክ ነው። ሁለቱንም አረመ። ማርሽ ነቅሎ መውረድ ናፍጣ ይቆጥባል የሚባለው ራሱ ልማድ እንጂ እውነት አይደለም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ፓምፑም ናፍጣውን ይዘጋል ማለት ይቻላል። ሲነቀል ግን ሞተሩ ራሱን ለማዞር ይጠጣል። ስለዚህ የሚተርፍ የለም፣ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ኃይል፣ የሞተር ብሬኩ፣ ግን ይጠፋል። በየክረምቱ የነደደ የፍሬን ሸራ ስንት እንደሚቀይር ጻፈ። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረደው የሚለውን የድሮ ሹፌሮች ደንብ አስታወሰን።

13ኛው ላይ ሹፌሮቹ እርስ በርስ ጀመሩ። ከጫነ በሁለተኛ ይወረዳል ወይስ በሦስተኛ? ጭጋግ ውስጥ ረጅም መብራት ያሳያል ወይስ ያሳውራል? አንዱ ስለ ጣርማ በር ዋሻ አወራ። በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረ ነው፣ 600 ሜትር ይጠጋል። በወዲያኛው ጫፍ ስትወጣ አየሩ፣ ሽታው፣ ሁሉ ነገር ይቀየራል። ከጥያቄዬ ወጥተው ነበር። ግን አላቋረጥኳቸውም። ሥራቸውን እንዲህ የሚወድዱ ሰዎች ናቸው እኛ ቀናቸውን ሳንቆጥር የምናሠራቸው።

14ኛ መልስ

አጭር ነው። ድሮ ረዳት የነበረ ልጅ ነው፣ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነው። ሁሉም ሰው ሹፌር ሹፌር እያለ ረዳቱን እንደረሳው ጻፈ። ሹፌሩ አልጋ ሲይዝ ረዳቱ ጭነቱ ላይ ሸራ ለብሶ ያድራል። የሚጠብቀው የባለንብረቱን ዕቃ ነው። ደብረ ብርሃን በኅዳር ውርጭ ጭነት ላይ ያደረ ያውቀዋል። ለሌሊቱ ግን የተቆረጠለት ዋጋ የለም።

ከሱ በኋላ የመጣው 15ኛ መልስ ስለ ማሾ ዋጋ ነበር።

16ኛ መልስ

የሹፌር ባለቤት ናት፣ ደብረ ሲና ነው የምትኖረው። እህቴ ብላ ነው የጀመረችው። ባሏ ከላይ ሲመጣ ዋሻውን እንዳለፈ ይደውልላታል። ያን ስልክ ሳትሰማ አትተኛም። ስለ ብር ብዙ አልጻፈችም። አንድ ነገር ግን ነገረችኝ። መንገድ ተዘግቶ ባሏ ውጭ በቆየ ቁጥር ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ይጎድላል። እሱ ይጎድላል፣ ብሩ ይጎድላል። ባለንብረቱ ደውሎ መኪናው ደህና ነወይ ብሎ ይጠይቃል። እሱም ደህና ነው ብሎ ይመልሳል።

ይሄን ሳነብ እኔም ሐምሌ ላይ ለጋሼ ስደውል መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ መኪናው መሆኑን አስታወስኩ።

17ኛ እና 18ኛ

17ኛው ሁለት መኪና ያለው ሰው ነው። የውይይቱ መራር መልስ የሱ ነው። ሹፌር ስንት ብትከፍለው ናፍጣ ይሸጣል፣ ጋቢና ውስጥ ሰው ይጭናል፣ ጎማ ይቀይራል አለ። ከደመወዝ እየቆረጡ ማስተማር ብቻ ነው መፍትሔው ባይ ነው። ተቃጥሎ ነው የጻፈው፣ ተሰርቆ ያውቃል መሰለኝ።

18ኛው የደብረ ሲናው ሹፌር ነው። አልተሳደበም፣ ግን አልማረውም። ጀሪካን ይዞ የሚቀዳ ሹፌር መኖሩን አልካደም። ሌባን ሌባ በል፣ እኔን ግን በሌባ ሂሳብ አትቅጠረኝ አለው። አልጋና ምግብ ያልተከፈለው ሹፌር ጋቢና ውስጥ ሁለት ሰው ቢጭን እራቱን እየፈለገ ነው። 6ኛው ሰው ደግሞ በሕግ በኩል አንድ ነገር ጨመረ። ሕግ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ከሌለ፣ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። በተፈቀደበትም ቢሆን ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም።

19ኛ መልስ

የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ጠቡን ለማብረድ ይመስለኛል የገባችው። ከ2015 ወዲህ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ስለሚገዛ እያንዳንዱ ሊትር ቀኑና ሰዓቱ ስልክ ላይ እንደሚቀር አስታወሰች። ባለንብረቱ ራሱ ከፍሎ ከኪሎ ሜትሩ ጋር ያስተያየው። ጥርጣሬን በደመወዝ ላይ ከመጫን ይሄ ይሻላል። ቀጥላ ስለ መጠበቂያው ቀን ጠየቀች። መኪናውን ያስቆመው ነጋዴው ወይም መጋዘኑ ከሆነ ዕዳው ለምን ሹፌሩ ላይ ይወድቃል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብን አለች። ነጋዴውን እንፈራለን፣ ሹፌሩን እንቆርጣለን።

20ኛ መልስ

ያልጠበቅኩት ሰው መጣ። የእህል ነጋዴ ናቸው፣ ከዚያው ከቆላው። በግልጽ ነው የጻፉት። መኪና አንዳንዴ አውቀው እንደሚያስቆሙ ተናገሩ። ዋጋው ነገ ይሻሻል ይሆናል ብለው ዛሬ አያራግፉም። መጋዘን ለመከራየት ይከፈላል፣ የጫነ መኪና ግን በነፃ ይቆማል። ማንም የመቆያ ክፍያ ጠይቋቸው አያውቅም። ቢጠየቁ መጀመሪያ ይከራከራሉ፣ ከዚያ ይከፍላሉ። ውል ውስጥ ከገባ ደግሞ ቶሎ ያራግፋሉ።

አንዳንዶች ወረዱባቸው። እኔ ግን ከልቤ አመሰገንኳቸው። ሐምሌ ላይ የጋሼን አልጋ የበላው ነገር ምን እንደሆነ እሳቸው ነገሩኝ። የእኔ መኪና መጋዘን ሆና ነበር። የመጋዘኑን ኪራይ የከፈለው ሹፌሬ ነው።

21ኛ መልስ

እኔ ነኝ። ሳምንት ወስጄ የጻፍኩትን ረቂቅ ለጠፍኩ። ደመወዝ በወር 10,000፣ ጡረታውም ዓመት ፈቃዱም በዚሁ ይታሰባል። የውሎ አበል 500 ብር፣ መኪናው ከወጣበት ቀን ጀምሮ እስኪመለስ። ቢነዳም፣ ወረፋ ቢይዝም፣ መንገድ ቢዘጋም፣ መኪና ቢበላሽም ያው 500 ነው። ቢያጆ ቀርቷል። የናፍጣ ሽልማት የለም። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት አለ። ከጣርማ በር ቁልቁል በጭጋግ ሌሊት አልነዳም ያለ ሹፌር ምንም አይቀነስበትም፣ ያደረበት ይከፈለዋል። ጭነት ከሚሰጡኝ ደንበኞች ጋር በምፈርመው ውል ላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ ገባ። መኪናው ከደረሰ ከ24 ሰዓት በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ቀን የመቆያ ክፍያ አለ።

22ኛ መልስ

ጫጫ አካባቢ ያሉ፣ እንደኔው ጥቂት መኪና ያላቸው ሰው ናቸው። በአክብሮት ነው የሞገቱኝ፣ ግን ሂሳባቸው ከባድ ነው። ረቂቄን የሐምሌ ወር ላይ አስቀመጡት። 10,000 እና 19 ቀን በ500፣ በድምሩ 19,500 ብር። ለ5 ቢያጆ። አንዱ ቢያጆ 3,900 ብር የሹፌር ወጪ ወጣበት ማለት ነው። ድሮ 11,000 ነበር። ልዩነቱ 8,500 ብር ለአንድ ሹፌር በአንድ ወር። ጎማ፣ የባንክ ብድር፣ መድን፣ ጋራዥ ሲጨመር የትንሽ ሰው መኪና ይቆማል። ሹፌሩም አብሮ ሥራ ያጣል።

ይሄን ማለፍ አልቻልኩም። ትክክል ናቸው። ሁለት ሌሊት ተቀመጥኩበት። ግን ከዚያ 8,500 ብር ውስጥ 3,600ው ድሮም ነበር። ከጋሼ ኪስ ይወጣ ስለነበር ነው ደብተሬ ላይ ያልታየው። ወጪው አዲስ አይደለም። አሁን የመጣው ወደ እኔ ነው። ከእኔ ደግሞ ወደሚመለከተው ሰው መሄድ አለበት። ይሄንኑ ጻፍኩላቸው። በሐሳቤ እንዳልተስማሙ፣ ግን እንደሚያስቡበት መለሱ።

23ኛ መልስ

በኅዳር መጨረሻ ምን እንደደረሰ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ከአራት ደንበኞቼ ሁለቱ የመቆያውን አንቀጽ ፈረሙ። አንዱ በማግስቱ ማራገፍ ጀመረ፣ ክፍያ እንኳን አላስፈለገውም። ሦስተኛው ሁለት ቀን ይፈቀድልኝ ብሎ ተደራደረ፣ ተስማማን። አራተኛው ሌላ መኪና አገኘ፣ ከእኔ ጋር መሥራት ተወ። ጭነቱ ትልቅ ነበር፣ ጎድቶኛል። እውነቱን መደበቅ ስላልፈለግኩ ጽፌዋለሁ። ረቂቁ ገና ባይፈረምም ሁለቱ ቀሪ ሹፌሮቼ በአዲሱ ክፍያ መሥራት ጀምረዋል።

24ኛ መልስ

የመጨረሻው የእኔ ነው። ትናንት ማታ ለጋሼ ደወልኩ። መጀመሪያ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኩ። ከዚያ ስለ ሐምሌ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። የአባቴን ነፍስ ይማር አሉ። ወረቀቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። ተመለሱልኝ አላልኳቸውም፣ አዲሱ ሥራቸው ጥሩ ነው። ካዩት አንድ የጎደለ ነገር ካለ እንዲነግሩኝ ብቻ ለመንኳቸው።

ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ረዳቱ የት ላይ እንደተጻፈ ጠየቁኝ።

ወረቀቱን አገላበጥኩ። የለም። ሦስቱም ረዳቶች አልተጻፉም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወደ ላይ ተመልሼ 14ኛውን መልስ ፈለግኩ። ማንም አልመለሰለትም ነበር፣ እኔም ጭምር። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ለአንተ ነው፣ ወንድሜ። ጭነት ላይ ያደርክበት አንድ ሌሊት ስንት ብር ቢከፈልበት ልክ ይሆን ነበር? የብርድ ልብሱንና የሌሊት ልብሱንስ ማን ነበር የሚገዛልህ? ረቂቁን ከመፈረሜ በፊት መልስህን እጠብቃለሁ።